ዘጠና ዘጠኝ

ኦታዋ ነው ቢሮው፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣
በመስኮቱ ቁልቁል በረዶ የሆነ ቦይ፤
ሰው በስለት ጫማ ይንሸራተትበታል፣ ሳንድዊቹን ይዞ፣
እኔ ቁጥር እለቅማለሁ፣ ዓይኔ ስክሪን ላይ ፈዝዞ፦
የሠላሳ አንድ አገር ውሃና መብራት፣
የጤና ጣቢያ ወረፋ፣ የመንገዱ ጥራት፣
ከአንድ እስከ አምስት ተለክቶ፣ በቀለም ተቀብቶ፣
አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፤ ካርታ ላይ እንደ ጥሬ ተሰጥቶ።

ጥያቄ ሃያ ሁለት አጭር ናት፤ ቀላል፦
«በውሃ አገልግሎቱ ምን ያህል ረክተዋል?»
አንድ፦ በጭራሽ። አምስት፦ እጅግ በጣም።
ከአንድ በታች፣ ከአምስት በላይ መልስ የሚባል የለም።

ረድፍ ሁለት ሺህ አንድ መቶ አሥራ አራት።
ሴት። ዕድሜ አርባ ስድስት። ልጆች፦ አምስት።
እስከ ቦኖው ደርሶ መልስ፦ ሁለት ሰዓት ተኩል።
ቦኖው የሚከፈተው፦ በሳምንት አንድ ቀን፤ «እሱም ሲሳካ» ይላል።
ከዚያ መልስ በሚለው ሳጥን፣ ቁጥር መግባት ሲገባው፣
በአማርኛ ተጽፏል፣ ጠያቂው እንደሰማው፦

«ተመስገን።»

እንግዲህ ተመስገን ስንት ነው?
አራት ነው? እግዜርን ማማረር ነውር ስለሆነ?
ወይስ አንድ ነው፣ «የባሰውን አታምጣ» ተብሎ የተለመነ?
ልጅ ተወልዶ ይባላል፤ ከቀብር ተመልሶም ይባላል፤
ትኩሳት አልጋ ላይ ጥሎህ፣ «እንዴት አደርክ?» ሲሉህ ይባላል፤
ዳኛው ለሰኔ ቀጥሮ፣ በሰኔ ለኅዳር ቢቀጥርም
ይባላል። ማማረር ነው እንዳልል፣ ማማረር አይመስልም፤
ማመስገን ነው እንዳልል፣
ሁለት ሰዓት ተኩል።

ማርጎ ወንበሯን ስባ መጣች፤ የቡድናችን አለቃ፣
ክፉ ሰው አይደለችም፤ ለአንድ ነጥብ ስሕተት የምትባንን ተጨንቃ።
«ሲተረጎም ምንድን ነው?» «ለእግዜር ነው ምስጋናው።»
«ቧንቧውን እግዜር ነው እንዴ የሚያስተዳድረው?»
ሳቅን፣ ሁለታችንም። ከዚያ፦ «ካልታወቀ ዘጠና ዘጠኝ በለው።»
ዘጠና ዘጠኝ ማለት «መልስ አልሰጡም» ነው።
«መልሳለች እኮ!» አልኩ፤ በራሴ ቋንቋ አልኩት፤
ማርጎ ሄዳለች፤ ለባዶ ወንበር ነው የነገርኩት።

የጠያቂውን ስም አየሁ፦ ደሳለው። የቀረ ፋይሉን ከፈትኩ።
አርባ ቤት ዞሯል። ሠላሳ ዘጠኙ «አራት» ይላል፤ ደግሜ ቆጠርኩ።
ከጎኑ የማርጎ ቀይ ማስታወሻ፦ «ይመርመር፤
ጥላ ስር ተቀምጦ የሞላው እንዳይሆን፣ ሳይዞር።»
ታች ግን፣ ማንም በማይከፍተው በ«ልዩ ልዩ» ሳጥን ውስጥ፣ ጽፏል፦
«የጫማዬ ሶል ወልቋል።
ከቀዱት ላይ አንድ ጣሳ ሰጡኝ፤ አልጠጣም ብላቸው ተቆጡኝ።
ላቤን አይተው፣ ‹ስንት ብንልህ ይሻልሃል?› ብለው ጠየቁኝ።»

አራቱ የቦኖው አይደለም።
የልጁ ነው።

ባለፈው ጥር የእኛ መንገድ ቧንቧ በብርድ ፈነዳ፣
ሦስት ቀን በባልዲ ቀዳሁ፣ ከማዶ ከላፍለር ጓዳ።
ደወልኩ፤ ሙዚቃ አሰሙኝ። ደወልኩ፤ ሌላ ሙዚቃ።
በአራተኛው ቀን ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ ደወለ፤
አንዲት ልጅ፣ ድምጿ በጉንፋን የታፈነ፣
ከወረቀት ታነባለች፦ «ከአንድ እስከ አሥር፣
አገልግሎታችን እንዴት ነበር?»
ሁለት ልል አፌን ከፈትኩ። አስነጠሳት። ይቅርታ አለች፣ ደንግጣ፤
ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ ከኋላዋ የሌሎች ጠያቂዎች ጫጫታ።
«ስምንት» አልኳት።
ስትጽፍ ተሰማኝ።

ሪፖርቱ ዓርብ ይወጣል። አገሩ ቢጫ ነው፤
ከአምና በሁለት መቶኛ ተሻሽሏል።
ማሽኑ ግን በየማለዳው ስከፍተው፣ በቀይ ፊደል ይለኛል፦
«ረድፍ 2114፣ ጥያቄ 22፣ ያልተሞላ ቦታ አለ።»
ካፖርቴን ሳላወልቅ «አለ» እለዋለሁ፤
መልሱም አለ።